አብሮ የታሸገውን ላይብረሪ ማን ያድሰው? የፍላትፓክና የስናፕ አማራጮች ሲነጻጸሩ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ ልክ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ጉግል ለክሮም አስቸኳይ ዝማኔ አወጣ። ጣጣው የመጣው የዌብፒ ምስሎችን ከሚፈታው ሊብዌብፒ ከተባለው ላይብረሪ (ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) ነው። ቀዳዳው ሲቪኢ-2023-4863 የሚል መለያ ተሰጠው፤ በላይብረሪው ስሪት 1.3.2 ላይም ተደፈነ። ላይብረሪው አንድ፣ ጥገናውም አንድ ነው፤ ወደ ተጠቃሚው የሚደርስበት መንገድ ግን እንደ አስተሻሸጉ ይለያያል። ፍላትፓክና ስናፕ የሊኑክስ መተግበሪያን ከሚያስፈልጉት ላይብረሪዎች ጋር አሽገው የሚያሰራጩ ሁለት ዘዴዎች ናቸው። አንድ ማሽን ላይ ሦስት የፍላትፓክ መተግበሪያዎች አሉ እንበል። ሊብዌብፒን ከራንታይሙ፣ ማለትም መተግበሪያዎች በጋራ ከሚቆሙበት የላይብረሪ ስብስብ፣ የሚወስደው ራንታይሙ በታደሰ ቀን አብሮ ይጠገናል፤ አዘጋጁ እንቅልፍ ላይ ቢሆንም ግድ የለም። የራሱን ቅጂ ያሸገው አዘጋጁ ማኒፌስቱን (የፓኬጁን የግንባታ መመሪያ ፋይል) እስኪነካ ይጠብቃል። በኤሌክትሮን፣ ማለትም የክሮም መሠረት በሆነው ክሮሚየም ላይ በቆመው የመተግበሪያ መሥሪያ፣ የተሠራው ደግሞ መጀመሪያ ክሮሚየምን፣ ቀጥሎ ኤሌክትሮንን፣ ቀጥሎ የመተግበሪያውን ሠሪ፣ በመጨረሻም የፓኬጁን አዘጋጅ ይጠብቃል።

ስለዚህ ፓኬጅ የምታዘጋጁ ከሆነ ዘዴ የሚመረጠው ለፓኬጁ በጥቅል ሳይሆን ላይብረሪ በላይብረሪ ነው። ለእያንዳንዱ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ጥገና በወጣ ቀን ሥራው የማን ጫንቃ ላይ ይወድቃል? እናንተ ላይ ከሆነስ፣ ጥገናው መውጣቱን ማን ይነግራችኋል?

መጀመሪያ የተሸከማችሁትን እወቁ

ማኒፌስቱን ማንበብ ብቻውን አይበቃም። «ፍላትፓክ ራን» ብላችሁ በ«ኮማንድ» አማራጭ «ኤስኤች»ን ሰጥታችሁ የመተግበሪያውን መለያ ስታስከትሉ በሳንድቦክሱ (መተግበሪያው ከሲስተሙ ተለይቶ በሚሠራበት ክልል) ውስጥ ሼል ይከፈትላችኋል። እዚያ ሁለት ፋይሎችን ተመልከቱ። «/አፕ/ማኒፌስት.ጄሰን» ፓኬጁ የተገነባባቸውን ሞጁሎች (በማኒፌስቱ ለየብቻ የሚገነቡ ክፍሎች) ከነምንጫቸው ይዘረዝራል። «/ዩኤስአር/ማኒፌስት.ጄሰን» ደግሞ በፍሪዴስክቶፕ ራንታይም ውስጥ ያለውን ያሳያል። ጎን ለጎን አድርጋችሁ በሁለቱም ውስጥ የሚገኝ ስም ፈልጉ።

ብዙ ጊዜ ጠንቁ የሚገኘው በዚህ ድግግሞሽ ውስጥ ነው። ሳንድቦክሱ ላይብረሪ ሲፈልግ «/አፕ/ሊብ» ከ«/ዩኤስአር/ሊብ» ይቀድማል። ከዓመታት በፊት «የራንታይሙ አርጅቷል» ተብሎ የተጨመረ ሞጁል ዛሬ ራሱ አርጅቶ፣ በራንታይሙ ውስጥ ያለውን አዲሱን ይጋርደዋል። መተግበሪያው ይከፈታል፣ ይሠራል፣ የስህተት መልእክት የለም። ተጠቃሚው በየሳምንቱ «ፍላትፓክ አፕዴት» ቢልም የሚጫንለት አሮጌው ነው። የሥሪት ቁጥሩን በትክክል ለማየት «ራን» ላይ «ዴቨል» የሚለውን አማራጭ ጨምሩ፤ ያኔ በራንታይሙ ቦታ ኤስዲኬው (የግንባታ መሣሪያዎችን ጭምር የያዘው የራንታይሙ ቅጂ) ስለሚገባ «ፒኬጂ-ኮንፊግ» በ«ሞድቨርዥን» ይመልስላችኋል። ኤስዲኬ በሌለበት ይህ ትዕዛዝ አይገኝም።

በስታቲክ መንገድ የተያያዘ፣ ማለትም ከፕሮግራሙ ፋይል ጋር የተዋሃደ፣ ላይብረሪ ደግሞ በፋይል ስም ሲፈለግ አይገኝም። ክሮሚየም የብዙ ላይብረሪዎችን ቅጂ በራሱ ሆድ ውስጥ ይዟል፤ በረስትና በጎ የተጻፉ ፕሮግራሞችም እንዲሁ። የነዚህ የኋለኞቹ እውነተኛ ዝርዝር ያለው የጥገኝነቶቻቸውን ስሪት በሚመዘግበው በሎክ ፋይላቸው ነው።

ራንታይሙ ላይ መደገፍ

ራንታይሙ ውስጥ ያለን ላይብረሪ መልሶ ማሸግ ትርፉ ድካም ነው። የፍሪዴስክቶፕ ራንታይም በዓመት አንድ ጊዜ፣ በኦገስት፣ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ስሙም ከቀኑ ይወሰዳል፦ 23.08፣ 24.08፣ 25.08። አንድ ቅርንጫፍ ሁለት ዓመት ያህል ጥገና ያገኛል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ላይብረሪዎቹ የሚታደሱት መተግበሪያው ዳግም ሳይገነባ አብሮ መሥራቱን እንዲቀጥል ተደርጎ ነው፤ የመንገዱ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

የጂኖም (የሊኑክስ ዴስክቶፕ) ራንታይም የሚቆመው በፍሪዴስክቶፑ ላይ ነው። 47ና 48 በ24.08 ላይ፣ 49 ደግሞ በ25.08 ላይ ተሠርተዋል። በየስድስት ወሩ አዲስ ይወጣል፣ አንዱ አንድ ዓመት ያህል ይቆያል። የጂኖምን ላይብረሪዎች በእርግጥ ለሚጠቀም መተግበሪያ ይህ ተገቢ ዋጋ ነው። ለማይጠቀም ግን፣ አንድ ሁለት ላይብረሪ ስለተገኘበት ብቻ ጂኖምን መምረጥ በየዓመቱ የሚመለስ ሥራ መግዛት ነው። እንዲህ ሲሆን ሁለቱን ላይብረሪዎች በፍሪዴስክቶፕ ላይ ሞጁል አድርጎ መጨመር ይቀላል።

ቅርንጫፍ ስትቀይሩ ማኒፌስቱ ላይ «ራንታይም-ቨርዥን»ን መለወጥ የሥራው መጀመሪያ ብቻ ነው። የኤስዲኬ ኤክስቴንሽኖች፣ ለምሳሌ «ረስት-ስቴብል»፣ ከዚያው ቅርንጫፍ መሆን አለባቸው፤ ቤዝአፕ (ከታች የሚብራራው) ካለም እንዲሁ። ከዚያ በአዲሱ ራንታይም ውስጥ የገቡትን ሞጁሎች ከማኒፌስቱ አውጡ። ሞጁል ስታወጡ አንዱን አውጥታችሁ ገንቡ፣ ቀጥሎ ሌላውን። አምስቱን በአንዴ ካወጣችሁና ግንባታው ከወደቀ፣ ጥፋተኛውን ለማግኘት የምትፈጁት ጊዜ ካተረፋችሁት ይበልጣል።

ከቅርንጫፍ ለውጥ ጋር በብዛት የሚሰበረው ፓይተን ነው። 23.08 ፓይተን 3.11ን፣ 24.08 ደግሞ 3.12ን ይዟል። በመተላለፊያው ሁለት ነገር ይፈጠራል። የ«ሳይት-ፓኬጅስ» ማውጫ መንገድ በውስጡ የስሪት ቁጥር ስላለው፣ ማኒፌስቱ ውስጥ በእጅ የተጻፈ መንገድ ካለ ሞጁሉ በአንድ ቦታ ተጭኖ በሌላ ቦታ ይፈለጋል። ሌላው፣ «ዲስትዩቲልስ» ከ3.12 ስለወጣ አሮጌ የማዋቀሪያ ስክሪፕት ያለው ፓኬጅ ግንባታው ላይ ይወድቃል። ለ3.11 ብቻ የተጠናቀረ ዊል (ተዘጋጅቶ የሚመጣ የፓይተን ጥቅል) ካለም ጨርሶ አይጫንም።

ራንታይሙ የያዘው ስሪት ለመተግበሪያው በእርግጥ የሚያንስበት ጊዜ አለ። ያኔ የራስን ቅጂ ማሸግ ተገቢ ነው። ብቻ ከሞጁሉ በላይ በአስተያየት መስመር ለምን እንደታሸገና በየትኛው ቅርንጫፍ ላይ መውጣት እንዳለበት ጻፉ። ይህ መስመር የሌለበት ሞጁል ከማኒፌስቱ ሲወጣ እምብዛም አይታይም፤ የሚቀጥለው አዘጋጅ ለምን እንደገባ ስለማያውቅ መንካት ይፈራል።

ቤዝአፕና የጋራ ሞጁሎች

ብዙ ሰው ቤዝአፕን እንደ ራንታይም ያየዋል፤ አይደለም። ራንታይም ተጠቃሚው ማሽን ላይ በጋራ ይቀመጣል። ቤዝአፕ ግን በግንባታ ሰዓት ወደ ፓኬጃችሁ ተገልብጦ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ግንኙነቱ ይቋረጣል። የኪውት ዌብኢንጂን ቤዝአፕ ዛሬ የደህንነት ጥገና ቢያገኝ ፓኬጃችሁ የሚጠገነው ዳግም ሲገነባ ነው። ምንጩ ላይ ምንም ሳትለውጡ ለዚሁ ብቻ መገንባት ይገባችኋል። ይህን የሚያስታውሳችሁ መሣሪያ ስለማይኖር ቀን መቁጠሪያ ላይ መጻፍ ነው።

የኤሌክትሮን ቤዝአፕ ላይም ሌላ የተለመደ ግራ መጋባት አለ። ውስጡ ኤሌክትሮን የለም። የያዘው ዚፓክን፣ ማለትም የክሮሚየምን ሳንድቦክስ ከፍላትፓክ ጋር የሚያግባባውን መሣሪያ፣ እና ጥቂት አጋዥ ላይብረሪዎችን ነው። ኤሌክትሮኑ የሚመጣው ከመተግበሪያው ጋር ነው። የኤሌክትሮን ፕሮጀክት ጥገና የሚሰጠው ለመጨረሻዎቹ ሦስት ዋና ስሪቶች ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ወደ ኋላ የቀረ መተግበሪያን በፓኬጅ ጥበብ ማዳን አይቻልም። ለመተግበሪያው ሠሪዎች ማሳወቅ፣ ካልሰሙም ሳንድቦክሱን ማጥበብ ነው የሚቀረው፦ ከቤት ማውጫ ሙሉ ፈቃድ ይልቅ የወረዱ ፋይሎች ማውጫ ብቻ፣ ወይም በፖርታል፣ ማለትም በሲስተሙ የፋይል መምረጫ በኩል፣ የሚመረጥ ፋይል።

የፍላትሀብ (የፍላትፓክ ዋና ማከፋፈያ) የጋራ ሞጁሎች ስብስብ እንደ ጂቲኬ2 ያሉ ብዙ ፓኬጆች የሚፈልጓቸውን አሮጌ ላይብረሪዎች የግንባታ መመሪያ ይዟል። በጊት ሰብሞጁል ስለሚገባ በአንድ ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ሁኔታ) ላይ ተቸንክሮ ይቆያል፤ «ጊት ሰብሞጁል አፕዴት» በ«ሪሞት» አማራጭ ካላሳለፋችሁት አይንቀሳቀስም። የጊትሀብ ቦት የሆነው ዲፔንዳቦት ሰብሞጁል መከታተል ስለሚችል እሱን ማብራት ይህን ሥራ ያስቀርላችኋል።

የራሳችሁ ሞጁል፦ በእጅ ወይስ በቦት

ራንታይሙም ሌላውም ያልያዘው ላይብረሪ ሲኖር የግድ እናንተ ትሸከሙታላችሁ። እዚህ ሁለት ምርጫ በአንድነት ይመጣል፤ አንዱ ምንጩ በምን መልክ ይግለጽ የሚለው ነው፣ ሌላው ለውጡን ማን ይከታተል የሚለው።

ምንጩ የተጨመቀ ፋይል ከሆነ አድራሻውንና የሻ256 ሃሹን (ከይዘቱ የሚሰላውን አሻራ) ትጽፋላችሁ። ጊት ከሆነ ታጉን (የስሪቱን ምልክት) እና ኮሚቱን፤ ሁለቱንም ጻፉ። ታግ ብቻ ከሆነ ነገ ወደ ሌላ ኮሚት ሊዞር ይችላል። ሁለቱም ካሉ ግን ፍላትፓክ-ቢልደር አለመግባባቱን አይቶ ይቆማል።

ከተጨመቁ ፋይሎች መካከልም ልዩነት አለ። ጊትሀብ በየታጉ በራሱ የሚፈጥረው ፋይልና የፕሮጀክቱ ሰዎች አዘጋጅተው የሚሰቅሉት ፋይል አንድ አይደሉም። ጃንዋሪ 30 ቀን 2023 ጊትሀብ አዲስ የጊት ስሪት ሲያስገባ የአጨማመቁ ስልት ተቀየረ፤ የራስ-ሰር ፋይሎቹ ይዘት ምንም ሳይለወጥ ሃሻቸው ብቻ ተለወጠ። በዚያች ቀን በየቦታው ግንባታ ወደቀ፣ ጊትሀብም ለውጡን መለሰው። ስለዚህ በሰው የተሰቀለ ፋይል ካለ እሱን፣ ከሌለ ጊትን መምረጥ ለሃሽ መረጋጋት ይበጃል።

ለደህንነት ግን ሚዛኑ ወደ ሌላ ያጋድላል። ማርች 29 ቀን 2024 ይፋ የሆነው የኤክስዜድ (የፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር) ሰርጎ-ገብ ኮድ፣ ሲቪኢ-2024-3094፣ በስሪት 5.6.0ና 5.6.1 ውስጥ ነበር። ተንኮሉን የሚያስነሳው የግንባታ ስክሪፕት የተገኘው በተሰቀለው ፋይል ውስጥ እንጂ በጊቱ ውስጥ አልነበረም። ስክሪፕቱ ሥራውን የሚጀምረው ደብ ወይም አርፒኤም ፓኬጅ እየተገነባ እንደሆነ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ስለነበር፣ የፍላትፓክ ግንባታ ዒላማው አልነበረም፤ ለሚቀጥለው ተንኮል ግን ይህ ዋስትና አይሆንም። ሃሹ የሚያረጋግጠው ያያችሁት ፋይል ያው ፋይል መሆኑን ነው፤ ፋይሉ ንጹሕ ስለመሆኑ የሚለው ነገር የለም። የእኛ ምርጫ፣ ፕሮጀክቱ ያለ ተጨማሪ ዝግጅት በቀጥታ ከጊት የሚገነባ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሜሰን ወይም ሲሜክ የሚጠቀም ከሆነ፣ ጊትን ከታግና ከኮሚት ጋር መያዝ ነው። በአውቶቱልስ የሚገነቡት ግን ከጊት ሲወሰዱ «ኮንፊገር» ስክሪፕቱን መጀመሪያ ማመንጨት ስለሚፈልጉ ለነሱ የተሰቀለው ፋይል ይቀላል።

ክትትሉን በተመለከተ፣ በእጅ መከታተል የሚሠራው እስከ ሦስት አራት ሞጁል ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ «ኤክስተርናል ዳታ ቼከር» የተባለውን መሣሪያ ተጠቀሙ። በየምንጩ ሥር «ኤክስ-ቼከር-ዳታ» የሚል ክፍል ትጨምራላችሁ። ፍላትሀብ ላይ ያለ ፓኬጅ ከሆነ ቦቱ በየጊዜው ያያል፤ አዲስ ስሪት ሲያገኝ አድራሻውንና ሃሹን ለውጦ ፑል ሪኩዌስት (እንዲዋሃድ የሚቀርብ ለውጥ) ይከፍታል። የአመልካቹ ዓይነት እንደ ምንጩ ይለያያል። «አኒትያ» የፌዶራን የስሪት መከታተያ ይጠይቃል፤ የፕሮጀክቱን ቁጥርና የስሪቱ ቦታ በተለዋዋጭ የተተካበት የአድራሻ ቅርጽ ይፈልጋል። «ጊት» ታጎችን በቅጥ ይመርጣል። «ጄሰን» የጊትሀብን ኤፒአይ ያነባል፣ «ኤችቲኤምኤል» ደግሞ ድረ-ገጽን በሬጌክስ ያስሳል። ከአራቱ አኒትያን አስቀድሙ፤ ኤችቲኤምኤል ገጹ ዲዛይን በቀየረ ቁጥር ይሰበራል፣ ሲሰበርም ዝም ብሎ ነው።

አኒትያ ላይ «ስቴብል-ኦንሊ»ን አብሩ፣ አለዚያ የሙከራ ስሪት ይመጣላችኋል። መተግበሪያው የአንድን ላይብረሪ ሁለተኛ ዋና ስሪት ብቻ የሚያውቅ ከሆነም «ቨርዥንስ» በሚለው ቁልፍ ከ3.0 በታች ብላችሁ ገድቡ። ይህ ሲረሳ ቦቱ በየጊዜው የማይገነባ ፑል ሪኩዌስት ይከፍታል። አዘጋጁ መዝጋት ይሰለቸዋል፣ ከሰለቸው በኋላ እውነተኛው የደህንነት ጥገና ሲመጣም በዓይኑ አያየውም።

ሁለት ቅንብሮች ላይ ቆም በሉ። አንደኛው ቦቱ የከፈተውን ሰው ሳያይ እንዲዋሃድ የሚፈቅደው ነው። የፍላትሀብ ሊንተር (የፓኬጅ ቅንብሮች መርማሪ) ይህን በርቶ ሲያገኝ እንደ ስህተት ይቆጥረዋል፣ እኛም እንስማማለን። ግንባታ ማለፉ የሚናገረው መጠናቀሩን ብቻ ነው፤ መተግበሪያው ፋይል መክፈቱን፣ ማተሙን፣ ድምፅ ማውጣቱን አልሞከረም። ሌላው «ሪኳየር-ኢምፖርታንት-አፕዴት» ነው። ዋናው መተግበሪያ አዲስ ስሪት እስኪያወጣ ቦቱ ስለ ላይብረሪዎቹ ዝም እንዲል ያደርጋል። ጫጫታ ለመቀነስ ያማልላል። ዋናው መተግበሪያ በዓመት አንዴ የሚወጣ ከሆነ ግን የላይብረሪው ቀዳዳ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ይቆያል ማለት ነው። በየወሩ ለሚወጣ መተግበሪያ ካልሆነ አትጠቀሙበት።

ስለ ግንባታው ጊዜ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፍላትፓክ-ቢልደር የየሞጁሉን ውጤት በካሽ ያስቀምጣል፤ አንድ ሞጁል ሲለወጥ ከሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ዳግም ይገነባሉ። ስለዚህ እምብዛም የማይለወጡትን ከላይ፣ ቶሎ ቶሎ የሚለወጡትን ከታች፣ መተግበሪያውን መጨረሻ ላይ አድርጉ፤ በመካከላቸው ያለው ጥገኝነት እስከፈቀደ ድረስ። ላይብረሪው የሶኔም ቁጥሩን (ፕሮግራሞች የሚያያዙበትን የስሪት መለያ) ከቀየረ ደግሞ ይህ ዳግም መገንባት ጥቅም ነው፤ በአሮጌው ላይ የተያያዘ ነገር እንዳይቀር ያደርጋል።

የቋንቋ ጥገኝነቶች፦ ረስት፣ ኖድ፣ ፓይተን

ፍላትሀብ ላይ ግንባታ ያለ ኢንተርኔት ነው የሚካሄደው። የረስቱ ካርጎም ሆነ የኖዱ ኤንፒኤም በግንባታ ሰዓት ሄዶ ማውረድ አይችልም፤ እያንዳንዱ ፋይል ከነሃሹ አስቀድሞ በማኒፌስቱ መገለጽ አለበት። ለዚህ የፍላትፓክ-ቢልደር-ቱልስ አመንጪ ስክሪፕቶች አሉ።

ከሦስቱ ረስት ሰላማዊው ነው። አመንጪውን «ካርጎ.ሎክ» ፋይል ላይ ስታሠሩት «ካርጎ-ሶርስስ.ጄሰን» ይወጣል። በማኒፌስቱ ትጨምሩታላችሁ፣ «ካርጎ ሆም» የተባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ ወደ ሞጁሉ የግንባታ ማውጫ ታመለክታላችሁ፣ በ«ኦፍላይን» ትገነባላችሁ። የተለመደው ስህተት የመተግበሪያውን ታግ አሳድጎ ዝርዝሩን አለማመንጨት ነው። ካርጎ ያኔ «እንዲህ የሚባል ፓኬጅ አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። ቦቱ የከፈተው ፑል ሪኩዌስትም ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቼከሩ ታጉን ይቀይራል እንጂ ይህን ዝርዝር አያመነጭም። አንድ ክሬት (የረስት ጥቅል) ብቻ ለደህንነት ማሳደግ ከፈለጋችሁ ዝርዝሩን በእጅ አትቁረጡ። በመተግበሪያው ምንጭ ላይ «ካርጎ አፕዴት»ን በዚያ ክሬት ስም ብቻ አሠሩ፣ የሎክ ፋይሉን ለውጥ እንደ ፓች ያዙ፣ ከአዲሱ ሎክ ፋይል አመንጩ፣ ፓቹንም ለመተግበሪያው ሠሪዎች ላኩ።

ኖድም ተመሳሳይ ነው፤ ዝርዝሩ ግን በሺህ የሚቆጠር መስመር ሊሆን ይችላል። ግንባታው «ኢ-ኖትካሽድ» በሚል ኮድ ከወደቀ አንድ ጥቅል ከዝርዝሩ ጎድሏል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መንስኤው በንዑስ ማውጫ ውስጥ ያለ ሁለተኛ ሎክ ፋይል ነው፤ አመንጪውን በ«ሪከርሲቭ» አማራጭ ማሠራት ይፈታዋል።

ፓይተን ከሁሉም ራስ ምታት ነው። የፒፕ (የፓይተን ጥቅል ጫኝ) አመንጪው በመደበኛነት የምንጭ ፓኬጅን ስለሚመርጥ፣ በረስት የተጻፈ ክፍል ያለው ጥቅል ሲመጣ ነገሩ ይደራረባል። «ክሪፕቶግራፊ» የተባለው ጥቅል ከ2021 ጀምሮ ለግንባታ ረስት ይፈልጋል። ይህ ማለት የረስት ኤስዲኬ ኤክስቴንሽን ይጨመራል፣ ለክሬቶቹም ሌላ የካርጎ ዝርዝር ይመነጫል። አማራጩ የተዘጋጀ ዊል መውሰድ ነው፤ ለኤክስ86-64ና ለኤአርክ64 የተለያየ ፋይል፣ «ኦንሊ-አርችስ» በሚል ቁልፍ ተለይቶ። ለደህንነት ጥገና ፍጥነት ዊሉ ያሸንፋል፤ አዲስ ስሪት በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ቁጥርና ሃሽ ቀይሮ መጨረስ ይቻላል። ከምንጭ መገንባት የሚያስፈልገው ዊሉ ራሱ በሆዱ ላይብረሪ አሽጎ ሲመጣ ነው። የክሪፕቶግራፊ ዊል ኦፕንኤስኤስኤልን በውስጡ ይዟል፤ የራንታይሙ ኦፕንኤስኤስኤል ቢታደስም የዊሉ አይነካም።

የፒፕ አመንጪው «ቼከር-ዳታ» በሚል አማራጭ የመከታተያ ክፍሉንም አብሮ ይጽፋል። ከመጠቀማችሁ በፊት ግን አስቡበት። ቼከሩ እያንዳንዱን ጥቅል ለብቻው ወደ መጨረሻው ስሪት ያሳድጋል፣ አንዱ በሌላው ላይ ያስቀመጠውን ገደብ አያውቅም። ከአሥር በላይ ጥቅል ካለ ዝርዝሩን በሪኳየርመንትስ ፋይል ይዞ በየወሩ እንደገና ማመንጨት ይሻላል።

ተጠቃሚው ማሽን ላይ የሚወርድ

ፈቃዳቸው ዳግም ማሰራጨትን ለማይፈቅድ ሶፍትዌሮች ፍላትፓክ «ኤክስትራ-ዳታ» አለው፤ ፋይሉ የሚወርደው በመጫን ሰዓት ከባለቤቱ ሰርቨር ነው። አድራሻ፣ ሃሽና መጠን በባይት ይጻፋል። ባለቤቱ አሮጌውን ፋይል ካነሳ ወይም በዚያው አድራሻ ላይ አዲስ ከተካ፣ ግንባታችሁ ሳይሆን የተጠቃሚው ጭነት ነው የሚወድቀው። እዚህ ቼከር ያለመኖር ይቅርታ የለውም፤ «ሮቴቲንግ-ዩአርኤል» ወይም «ዴቢያን-ሪፖ» የሚለውን ዓይነት የግድ ጨምሩ።

ስናፕ ቢሆንስ?

ስናፕ ውስጥ ራንታይሙን የሚተካው ቤዝ ነው። ኮር22 በኡቡንቱ 22.04፣ ኮር24 በ24.04 ላይ ተሠርተዋል፤ እነሱም በራሳቸው ይታደሳሉ። ዋናው ልዩነት «ስቴጅ-ፓኬጅስ» ላይ ነው። ስናፕክራፍት በግንባታ ሰዓት ከኡቡንቱ ማከማቻ ደብ ፓኬጆችን አውጥቶ ወደ ስናፑ ይጨምራል። ሃሽ አይጻፍም፣ ስሪት አይጻፍም፤ በዚያ ቀን ያለው ይገባል። ጥገና ለማስገባት ፋይሉ ላይ አንዲት ፊደል ሳትቀይሩ ዳግም መገንባት ይበቃል። በፍላትፓክ ቁጥርና ሃሽ እየቀየሩ ለሚደክሙ ይህ እፎይታ ነው። ዋጋው ደግሞ ትናንት የተገነባውን ዛሬ በትክክል መድገም አለመቻሉ ነው።

ማሳወቂያውም ከስናፕ በኩል ያደላል። በስናፑ ውስጥ ባለ የኡቡንቱ ፓኬጅ ላይ የደህንነት ማስታወቂያ ሲወጣ የስናፕ ስቶር ለአሳታሚው ኢሜይል ይልካል። ለዚህ ግን ስናፑ ውስጥ የግንባታ ዝርዝር መኖር አለበት፤ በራሳችሁ ማሽን ስትገነቡ «ስናፕክራፍት ቢልድ ኢንፎ» የሚለውን ተለዋዋጭ 1 አድርጉ። በ«ፓርትስ» ሥር ከምንጭ ያጠናቀራችሁት ላይብረሪ ግን በዚህ አይሸፈንም። ኢሜይል አለመምጣቱን እንደ ጤንነት ማየት እዚህ ላይ ያሳስታል።

እንግዲህ ላይብረሪዎቻችሁ በአብዛኛው ኡቡንቱ ውስጥ ካሉ፣ ለክትትልም ጊዜ ከሌላችሁ፣ ስናፕ ከየሳምንት ራስ-ሰር ግንባታ ጋር ትንሹን ሥራ ይጠይቃል። ተጠቃሚዎቻችሁ በተለያየ ስርጭት ላይ ካሉ፣ እያንዳንዱ የገባ ፋይልም ምን እንደሆነ በሃሽ ማሳየት ካለባችሁ፣ ፍላትፓክ። ፍላትፓክን መርጣችሁ ለቼከር ጊዜ ከሌላችሁ ደግሞ፣ ሞጁሎቹን መቀነስ እንጂ ቦት መጨመር አያድናችሁም።

ከተጠቃሚው ወገን

ስናፕ በመደበኛነት በቀን አራት ጊዜ ዝማኔ ይፈልጋል። መተግበሪያው ክፍት ከሆነ እስከ 14 ቀን ይታገሣል። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ ጥቅሉን ሳያውቀው ሊያስጨርስበት ይችላል፤ ከስናፕዲ 2.58 ጀምሮ «ስናፕ ሪፍሬሽ» ላይ «ሆልድ» ማለት ይቻላል። ፍላትፓክን በትዕዛዝ ስታሠሩ ዝማኔው የሚመጣው እናንተ ስትጠሩት ነው፤ የሶፍትዌር ማዕከሉ በራሱ እንዲያድስ ከተደረገ ግን እሱም ይወርዳል። የፍላትፓክ ጥቅም የተለወጡትን ፋይሎች ብቻ ማውረዱ ነው። ጉዳቱ፣ አንድ መተግበሪያ 23.08 ላይ ሌላው 24.08 ላይ ከሆነ ሁለት ራንታይም መያዙ ነው፤ ማንም የማይጠቀምበትን «ፍላትፓክ አንኢንስቶል» በ«አንዩዝድ» አማራጭ ያነሳዋል።

አንድ መሥመር ላይ ብዙ ማሽን ላለበት ቢሮ ወይም ትምህርት ቤት፣ አንዴ አውርዶ በፍላሽ ማዞር ይቻላል። በፍላትፓክ «ክሪኤት-ዩኤስቢ» የሚለው ትዕዛዝ መተግበሪያውን ከነራንታይሙ ወደ ፍላሹ ይገለብጣል። አስቀድሞ የፍላትሀብ ሪሞት ኮሌክሽን መለያ እንዲኖረው ያስፈልጋል፤ ከሌለው በ«ሪሞት-ሞዲፋይ» ይሰጠዋል። በስናፕ «ስናፕ ዳውንሎድ» ሁለት ፋይል ያወጣል፤ አንዱ ስናፑ፣ ሌላው የማረጋገጫ ፊርማው። ተቀባዩ ማሽን ላይ መጀመሪያ ፊርማውን በ«ስናፕ አክ» አስገብታችሁ ቀጥሎ ስናፑን ጫኑ። ስናፑ የቆመበት ቤዝ በዚያ ማሽን ላይ ከሌለ እሱንም በዚሁ መንገድ ማምጣት አለባችሁ።

አዲስ ዝማኔ መተግበሪያውን ከሰበረው በስናፕ «ስናፕ ሪቨርት» ይበቃል። በፍላትፓክ «ሪሞት-ኢንፎ»ን በ«ሎግ» አማራጭ ጠርታችሁ የቀድሞውን ኮሚት ፈልጉ፣ «ፍላትፓክ አፕዴት» ላይ በ«ኮሚት» አማራጭ ስጡት፣ ከዚያም በሚቀጥለው ዝማኔ ተመልሶ እንዳይመጣ በ«ፍላትፓክ ማስክ» ያዙት። ማስክ የተደረገ መተግበሪያ የደህንነት ጥገናም አይደርሰውም። «ፍላትፓክ ማስክ»ን ያለ ምንም ተጨማሪ ስትጽፉት የታገዱትን ይዘረዝራል፤ የተስተካከለው ስሪት ሲወጣ በ«ሪሙቭ» አንሱት።